ለጨረታ የወጣው መቋሚያ

ሰው አላምንም። አንዳንዱ ሰው ጨው አይወድም፣ አንዳንዱ ሊፍት ይፈራል፣ እኔ ደግሞ ሰው አላምንም። አሜሪካን አገር ሲልቨር ስፕሪንግ ከምኖርበት አፓርትመንት ስወጣ በሩን እቆልፋለሁ፣ እጀታውን ስቤ አያለሁ፣ ሊፍቱ ጋ እደርሳለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ እንደገና እስበዋለሁ። ሊፍቱን ይዘው የሚጠብቁኝ ጎረቤቶች በፊት በፊት ይናደዱ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ስልክ አላነሣም። የማውቀው ቁጥር ሲደውልም "ማን ልበል?" እላለሁ። ልጆቼ "ማሚ፣ ስማችን እኮ ስልክሽ ላይ ይወጣል" ይሉኛል። ስም መውጣቱ ምን ያረጋግጣል?

እንዲህ ያለች ሴት ዕቃ አይጠፋባትም ትሉ ይሆናል። ታላቅ ወንድሜም የተሳሳቱት እንደዚያ ብለው ነው።

ወንድሜ ጋሼ ታደሰ ስፕሪንግፊልድ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በልጅነታቸው ዜማ ተምረዋል። ኋላ መተዳደሪያቸው የሒሳብ ሥራ ሆነ እንጂ ዜማውን አልተዉትም፤ በየክብረ በዓሉ ከሊቃውንቱ ጋር ማኅሌት ይቆማሉ። የሚደገፉበት መቋሚያ የአባታችን ነው። ዘንጉ ወይራ ነው። እላዩ ላይ ያለው ማረፊያ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ አባታችን በመዳብ ሽቦ ጠፍረውታል።

ጋሼ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሊደረጉ እኔ ሰፈር አጠገብ ያለ ሆስፒታል ሲገቡ ይህን መቋሚያ ይዘው ነበር። ሐኪሞቹ ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ሰጧቸው፤ እሳቸውም መቋሚያውን ለእኔ ሰጡኝ።

"አንቺ ቤት ይቀመጥ" አሉ። "ልጄ ቤት ሕፃናት አሉ፤ ፈረስ ያደርጉታል። አንቺ ዘንድ ዕቃ አይጠፋም።"

"እሺ ጋሼ።"

"ለደብራችን ንግሥ ግን እፈልገዋለሁ። ያን ቀን ይህን ብረት ጥዬ፣ በአባባ መቋሚያ ተደግፌ ነው የምቆመው። አደራ።"

"አደራዎን ተቀብያለሁ" አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁ በኋላ እንቅልፌ ቀነሰ።

መጀመሪያ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አቆምኩት። ጥቂት ቆይቶ የሕንፃው ማኔጅመንት በየበራችን ወረቀት ለጠፈ። የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚረጨውን ቧንቧ የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ብንኖርም ባንኖርም ከፍተው ይገባሉ። ወርጄ ቢሮ ያለውን ልጅ "ቧንቧው ያለው ጣራ ላይ ነው። ሰዎቹ ቁም ሣጥን ይከፍታሉ እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ምናልባት" አለኝ። አዎ ቢል ወይም አይ ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር።

ምድር ቤት ለየተከራዩ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለ። የእኔ ዙሪያው እንደ ዶሮ ቤት ሽቦ ነው፤ ማንም አላፊ ውስጡን ቆጥሮ ይሄዳል። የጎረቤቴ የሚስስ ሎይስ ክፍል ግን ደህና የእንጨት በር አለው፤ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ሚስስ ሎይስ ልጇን ልትጠይቅ ፍሎሪዳ ሄዳ፣ አበቦቿን ውሃ እንዳጠጣላት ቁልፎቿን በሙሉ ለእኔ ትታልኝ ነበር። ሰው ታምናለች። እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሰብኩ፤ አወጣሁ፤ አወረድኩ። የእኔን ዕቃ የሚፈልግ ሌባ እኔ ክፍል እንጂ ሚስስ ሎይስ ክፍል አይገባም። መቋሚያውን ይዤ ወረድኩና እሷ ክፍል ውስጥ ደበቅሁት። ወደ ቤቴ ስመለስ በብልሃቴ ትንሽ ኮርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሚስስ ሎይስ ሟች ባል መንገር አለብኝ። ሰውየው በጎልማሳነቱ ሆሊውድ ውስጥ ለፊልም የሚሆን ዕቃ ሲሠራና ሲያቀርብ የኖረ ነው። ጡረታ ሲወጣ ዕቃውም አብሮት ጡረታ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ የላስቲክ ጎራዴ፣ የቆርቆሮ ዘውድ፣ ከካርቶን የተሠራ ቋጥኝ፣ አንድ ትልቅ የጎማ እባብና ጥቂት የራስ ቅሎች ነበሩ። የራስ ቅሎቹን ሳይ ፖሊስ ልጠራ ስልኬን አውጥቼ ነበር፤ ቀርቤ ስነካቸው ጄሶ ናቸው። መቋሚያውን ከጎራዴዎቹ ኋላ አቆምኩት። በዚያ ሁሉ ውሸት መሐል ያለ እውነተኛ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር።

ሚስስ ሎይስ ከፍሎሪዳ አልተመለሰችም። አንድ ቀን አበቦቹን ላጠጣ ቤቷን ስከፍት አበቦቹ የሉም፤ ሶፋውም የለም። ምድር ቤት የወረድኩት ሊፍቱን ሳልጠብቅ በደረጃ ነው። የእንጨቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክፍሉ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ውሃ ማጠጫዬን ይዤ ቆምኩ።

ቢሮ ያለውን ልጅ ጠየቅሁት። ሚስስ ሎይስ ከልጇ ጋር ልትኖር ወስናለች፤ ልጇ ቤቱን አስለቅቋል፤ የምድር ቤቱን ዕቃ የወሰዱት አሌክሳንድሪያ ያለ፣ የድሮ ፊልም ዕቃ የሚያጫርት ድርጅት ሰዎች ናቸው።

"የሚሸጡት እርግጠኛ ነህ?"

"ምናልባት" አለኝ።

ለሚስስ ሎይስ ደወልኩ። ልጇ አነሣው።

"እናትህ ክፍል ውስጥ በትር ነበረኝ" አልኩት። "የጸሎት በትር።"

"እናቴ ክፍል እንዴት ገባ?"

"እኔ ነኝ የደበቅሁት። ሌባ ፈርቼ።"

ከዚያ "ማም፣ ስካም ነው፤ አጭበርባሪ ናት!" ብሎ ሲጮህ ሰማሁ፤ ስልኩ ተዘጋ። አልፈርድበትም። እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ አላነሣውም ነበር።

ለሟቹ ባለቤቴ የወንድም ልጅ ለብሩክ ነገርኩት። ብሩክ አርሊንግተን ይኖራል፣ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ ሰዎች መኪናው ውስጥ የሚያወሩትን ሁሉ ስለሚሰማ በማንኛውም ጉዳይ አስተያየት አለው። ስልኩን ሲነካካ ቆየና አቀበለኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ነው?"

እሱ ነው። የመዳብ ሽቦው ሳይቀር ይታያል።

"ከሥሩ ምን ይላል?"

ብሩክ ጉሮሮውን ጠረገ። "የዊዛርድ በትር ነው የሚለው።"

"ዊዛርድ ምንድን ነው?"

"ዊዛርድ ማለት… እንግዲህ… ጠንቋይ።"

"ምን አልክ?"

"ደግ ጠንቋይ ግን! ነጭ ጢም ያለው፣ የተቸገረ የሚረዳ።"

"ደግ ጠንቋይ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?"

"ፊልም ላይ።"

አባቴ በሕይወት ቢኖሩና ይህን ቢሰሙ ብዬ አሰብኩ፤ ቶሎ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ።

"ኮል ላድርግላቸውና ላስረዳቸው?" አለ ብሩክ።

"አይሆንም። ከደወልን ይደብቁታል።"

"ሊሸጡት ለዓለም ሁሉ ፖስት አድርገውት እንዴት ይደብቁታል?"

የሰው ተንኮል ያልገባውን ልጅ በአንድ ቀን ማስተማር አይቻልም።

ከጨረታው በፊት ዕቃውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን ነበራቸው፤ በዚያ ቀን አሌክሳንድሪያ ሄድን። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል። መቋሚያው መስታወት ውስጥ ቆሞ ከላይ መብራት ተለቆበታል። አጠገቡ ያቺ የጎማ እባብ ተጠቅልላለች። ነጭ ጓንት ያደረገች ልጅ ፈገግ ብላ መጣች።

"ይሄ በትር የእኔ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ሲያየው እንደዚያ ይሰማዋል" አለችኝ።

"አይ፣ የእኔ ነው። ማለቴ የወንድሜ ነው። የአባቴ ነው።"

"የማን ነው?"

"የሦስታችንም።"

ደረሰኝ አለዎት ወይ አለችኝ። የወይራ እንጨት ደረሰኝ! ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። ዕቃውን ያስረከባቸው ሰው ፈርሞ ማስረከቡን፣ ይገባኛል የምል ከሆነ ጠበቃ ይዤ መምጣት እንደምችል በትሕትና ነገረኝ። ትሕትናው በጣም አጠራጠረኝ። ብሩክ ጠጋ ብሎ "ጠበቃው ከበትሩ ይወደዳል፣ እትዬ" አለኝ።

ቢያንስ ስሙን ላስተካክል ብዬ ወደ ልጅቷ ተመለስኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

"ይህ የጠንቋይ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ነው" አልኳት። "ሊቃውንቱ ይደገፉበታል፣ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ መሬቱን እየነኩ ይዘምራሉ።"

ዓይኗ በራ። "መሬቱን ሲነካ ምን ይሆናል?"

"ምንም አይሆንም። ዜማ ነው።"

የዕቃው መግለጫ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ብሩክ አንብቦ ሹክ አለኝ፤ "በጥንታዊ ምሥጢራዊ ዝማሬ ላይ ያገለገለ" ነው የሚለው።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ ልጅቷ።

"ከእኔ ይበልጣል።"

አየችኝና በአክብሮት ጻፈች።

"ሽቦውስ?"

"ተሰንጥቆ ነው።"

"በጦርነት?"

"በር ተዘግቶበት።"

ይህን አልጻፈችውም።

ከዚያ እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት ለመነችኝ፤ መስታወቱን ከፍታ መቋሚያውን እጄ ላይ አኖረችው። ክብደቱን ሳውቀው በሩን በዓይኔ ለካሁ። ብሩክ "እትዬ፣ እንዳያስቡት" አለ በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ስለዚህ ጋሼ እንደሚያደርጉት ትከሻዬ ላይ ደገፍ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ወደ ግራ፣ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አልኩ። ቀና ስል አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ደቅኖብኛል። አጨበጨቡ። ልጅቷ መቋሚያውን ተቀብላኝ መስታወቱን ዘጋችና ከፊቱ ያለውን የግምት ዋጋ አንሥታ በሌላ ቀየረችው። አዲሱ የፊተኛው እጥፍ ነበር።

"እትዬ፣ ዝም ይበሉ" አለ ብሩክ ክንዴን ይዞ። "በተናገሩ ቁጥር እየተወደደ ነው።"

ጨረታው ቅዳሜ ነው፤ ንግሡ በማግስቱ እሑድ። ዐርብ ዕለት ጋሼ ደወሉ።

"ደኅና ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ብረቱን ጥያለሁ። መቋሚያዬን…" አሉና ቆም አሉ። "እሑድ ይዘሽልኝ…"

"አዎ፣ ምነው?" አልኩ።

"ግድ የለም። አታስቢ። ሁሉም መላ አለው" አሉ። እንዲህ ባለ ለስላሳ ድምፅ አናግረውኝ አያውቁም። ሲቆጡ ነው የማውቃቸው። ይህንንም ጠረጠርኩት፤ ግን ምን ብዬ እንደምጠረጥረው አላወቅሁም።

ወስኛለሁ፤ የራሳችንን መቋሚያ እገዛዋለሁ። ችግሩ የጨረታ ቤቱ ሰዎች መልኬን ያውቁታል። አጥብቄ እንደምፈልገው ካወቁ ደግሞ ሰው አስቀምጠው ያስወድዱብኛል። ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ ገዛሁ። በሕይወቴ ባርኔጣ አድርጌ አላውቅም። ትልቅ ጥቁር መነጽርም ጨመርኩ። ብሩክ ከመሪው ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"እትዬ፣ ባንክ ሊዘርፉ ነው እንዴ?"

"ንዳ።"

መኪናውን የሚያቆምበት ስላጣ እሱ ውጭ ቀረ፤ እኔ ገባሁ። ለካ ወደ እንዲህ ያለ ጨረታ ብዙዎቹ የሚመጡት እንደ ፊልም ሰው ለብሰው ነው። አንዱ ካባ ደርቧል፣ አንዷ ፊቷን አረንጓዴ ተቀብታለች። ከኋላ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ ያለ የብረት ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ባርኔጣዬን አየና "በጣም ያምራል። አንቺ ደግሞ የየትኛው ፊልም ነሽ?" አለኝ። "አልተሠራም ገና" አልኩት።

ብዙ ጎራዴ ተሸጠ። እባቧ እንኳ ደህና ዋጋ አወጣች። ከዚያ መቋሚያው ወጣ። አጫራቹ ያነበነብኩትን ሁሉ ይኸው ጥንታዊ፣ ይኸው ምሥጢራዊ እያለ አነበበ፤ ያንን ሁሉ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥር የተጻፈበትን ካርቶኔን አነሣሁ። ባለ ካባው አነሣ። እኔ አነሣሁ። ባለ ካባው ሚስቱን አየና ተወው። ልቤ ትንሽ አረፈ።

በዚህ ጊዜ ከፊቴ ካለው ረድፍ አንድ ሌላ ካርቶን ወጣ። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጆሮው ላይ ስልክ የሰካ ሰው ነው። ለስልኩ የሚናገረውን ሰማሁት፤ አማርኛ ነው።

"ጨመሩ እኮ… አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ናት… አላወቅኋትም፣ ጥቁር መነጽር ሰክታለች… እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ ልጨምር?"

ገባኝ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚነግድ ሰው ነው። በስልክ የሚያዘው አለቃም አለው፤ ጋሼ ነው የሚለው። አገር ሙሉ ጋሼ ነው፤ የትኛው ሌባ ጋሼ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ተነሥቼ በአማርኛ "ወንድሜ፣ ተወኝ፤ ይህ አደራ ነው" ልለው አሰብኩ። ነገር ግን የአገሩ ሰው መሆኔንና ምን ያህል እንደምፈልገው ካወቀ ያስወድደዋል። አማርኛዬን ዋጥኩት። ካርቶኔን አነሣሁ።

አነሣ። አነሣሁ። አነሣ። ዋጋው ከወር የቤት ኪራዬ አለፈ።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው ራሱ ሆኖ ሳለ ሰውየው ብድግ አለ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ "ስለ በረከት!" አለና በራሱ ዋጋ ላይ ራሱ ጨመረ። አጫራቹ ግራ ገባው።

"ጌታዬ፣ እየመሩ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከማን ጋር ነው የሚፎካከሩት?"

"ከማንም። ጨምሬያለሁ" አለ ሰውየው፤ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ዙሪያውን ቃኘ። አዳራሹም አላሳፈረውም፤ አጨበጨበለት።

በየደብራችን የሕንፃ ማሠሪያ ጨረታ የተገኛችሁ ታውቁታላችሁ። ጃንጥላ ወይም ሥዕል ይወጣል፤ ያሸነፈውም ሰው ለበረከት በራሱ ላይ ይጨምራል፤ ዕቃውንም መልሶ ይሰጥና እንደ ገና ይሸጣል፤ እልልታው ይቀልጣል። እኔም ለምጄ እልል ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ በእጄ ያዝኩት። እንግዲህ ይህ ሰው ቤተ ክርስቲያን ያውቃል ማለት ነው። የሚያውቅ ሌባ ከማያውቅ ይከፋል።

አንድ ጊዜ ጨመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ጨመረ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አኖርኩት። መዶሻው ሲመታ ባለ ብረት ልብሱ ሽማግሌ "አይዞሽ" ዓይነት ነገር አለኝ።

ሰውየው መቋሚያውን ሲረከብ አማተበ፤ ከዚያ በግንባሩና በከንፈሩ ተሳለመው። ተመልካቹ ትወና መስሎት እንደ ገና አጨበጨበ። ሌባ ሲሳለም አይቼ አላውቅም እንዳልል አይቻለሁ። ቀድሜው ወጣሁና መኪና ውስጥ ገባሁ።

"ብሩክ፣ ያቺን ግራጫ መኪና ተከተላት!"

"እትዬ፣ ፊልም አደረጉት እኮ!"

"ተከተላት ነው የምልህ!"

ተከተልናት። ሰውየው ሕግ አክባሪ ነው፤ ፍጥነቱን ጠብቆ ስለሚነዳ ብሩክ ከኋላው መሆን አቃተው፤ ሁለት ጊዜ ቀድመነው ሁለት ጊዜ ጠበቅነው። ወደ ስፕሪንግፊልድ ወጣ። የማውቀው የነዳጅ ማደያ ጋ ታጠፈ። የማውቀው ትምህርት ቤት ጋ ታጠፈ። ብሩክ "እትዬ…" አለ። "አይቻለሁ" አልኩ።

መኪናዋ የጋሼ ልጅ ቤት በር ላይ ቆመች። ጋሼ ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ ያለ ብረቱ፣ በሁለት እግራቸው። ሰውየው መቋሚያውን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጋሼ ተሳልመው ይዘውት ገቡ።

"ጋሼም አሉበት እንዴ?" አልኩ።

"ምኑ ላይ፣ እትዬ? የራሳቸው መቋሚያ እኮ ነው! ለምን ወርደው አይጠይቋቸውም?"

"ባርኔጣ አድርጌ?"

ወደ ቤቴ ተመለስን።

እሑድ ንግሡ ላይ ጋሼ በመቋሚያው ተደግፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሙ። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ሳያቸው ደስ አለኝ፤ ብዙ አይደለም፣ ሌሊቱን ሳላርፍ ስላደርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሰላም ብለውኝ ስለ መቋሚያው አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም።

ሰኞ ልጃቸው በመኪና አድርሳቸው እኔ ቤት መጡ። አንድ ከረጢት ጤፍ፣ ዘይት፣ ምስር። መቋሚያውንም ይዘዋል። በፊት ሲመጡ በሩ ጥግ ያቆሙት ነበር፤ አሁን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ሻይ ላመጣ ስነሣ ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉት።

"ኪራይሽን ከፍለሻል?" አሉ።

"ከፍያለሁ። ምነው?"

"ዝም ብዬ ነው።" ተነሡና ማቀዝቀዣዬን ከፍተው አዩ። ጋሼ የራሳቸውን ማቀዝቀዣ እንኳ ከፍተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ተመልሰው ተቀመጡ።

"እኅቴ፣ አልተቆጣሁም" አሉ። "ሲቸግርሽ ግን ለእኔ መንገር ነበረብሽ እንጂ የአባባን መቋሚያ መሸጥ አልነበረብሽም። ከደብራችን ኮሚቴ አንዱ ስልኩ ላይ ፎቶውን አይቶ ነው ያሳየኝ። ሽቦውን ሳይ አወቅሁት። ገንዘቡን ሰጥቼ ላክሁት። እሱም ለማንም አይናገርም፤ እኔም አልናገርም።"

ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ ወይ ችግረኛ መሆን፣ ወይ ሞኝ መሆን። ችግረኛ ከሆንኩ አደራ ሸጫለሁ ማለት ነው። ሞኝ ከሆንኩ ሞኝ ብቻ ነኝ። ሞኝነቱን መረጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ጎረቤትሽ ክፍል ደበቅሽው።"

"አዎ።"

"ሌባ እንዳይወስደው።"

"አዎ።"

"ከራስ ቅል ጋር።"

"ጄሶ ነው፣ ጋሼ።"

"እሺ" አሉ። ይህን እሺ አውቀዋለሁ፤ አልጋ ሥር ጅብ አለ ለሚል ሕፃን የሚባል እሺ ነው። "ግድ የለም፣ እሺ። ያበሳጨኝ ያቺ ሴትዮ ብቻ ናት። ባርኔጣ ያደረገች፣ ጥቁር መነጽር የሰካች። እሷ ባትኖር በርካሽ እንገዛው ነበር። ምን ዓይነት ጨካኝ ፍጥረት ናት!"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

ሳቁ። ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። "አንቺ? ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት አምጥተሽ? ገንዘብ ቢኖርሽ መጀመሪያውኑ መቼ ትሸጪው ነበር?"

መኝታ ቤት ገብቼ ባርኔጣውን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። ጋሼ አገላብጠው አዩት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"ይሄንንም ልትሸጪው ነው?" አሉ።

ለመቋሚያው ያወጡትን ልክፈል ብዬ ቼክ ጻፍኩ። ቀድደው ኪሳቸው ከተቱት፤ ቀድጄ ብጥለው አንሥታ ትገጣጥመዋለች ብለው ይመስለኛል። "ለክፉ ቀን ይሁንሽ" ብለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሰኞ ይመጣሉ። አልቀበልም ብል "ኩራትሽን ተዪው" ይሉኛል፤ ብቀበል በሐዘን ያዩኛል። ጓዳዬ ሞልቶ ዘይቱን አልጋዬ ሥር ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሰኞ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ምስሩን ያመጡበት ከረጢት አፉ በሌላ ክር ተሰፍቷል፤ አንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደ ገና የተዘጋ ነው። ማን እንደከፈተው ገና እያጣራሁ ነው።